የግራዝማች ትሬንታ ኳትሮ

ገድሉ ዜማን «እርስዎ» ማለት ከጀመረ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው።

ስምንት ወር ሙሉ «አንቺ» ሲላት የኖረ ሰው ነው። «አንቺ፣ እስኪ ያቺን መፍቻ አቀብዪኝ።» «አንቺ ደግሞ፣ በግሪስ እጅሽ ፊትሽን አትንኪ ብዬሽ የለ?» ያቺን ቃል ሲናገር ድምፁ ዝቅ ይላል፤ እንደ ተሰባሪ ዕቃ ቀስ አድርጎ ነው የሚያስቀምጣት። ዜማ የፊዚክስ መምህርት ናት፤ ሠላሳ ዓመት ሞልቷታል፤ ስልሳ ጎረምሳ የታጨቀበትን ክፍል በአንድ እይታ ጸጥ ታሰኛለች። ለዚያች «አንቺ» ስትል ግን የመውጫው ደወል ሲደወል ከተማሪዎቿ ቀድማ ከበር ትደርስ ነበር።

አሁን «እርስዎ» መጣ። ያለ ጠብ፣ ያለ ክፉ ቃል። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እንደ ወትሮዋ ወደ ግቢው ስትገባ ገድሉ ከመኪናው ሥር ብቅ ብሎ «እንደምን ዋሉ?» አላት። የሚቀልድ መስሏት ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

መኪናው ትሬንታ ኳትሮ ነው፤ ጣልያን ለጦርነቱ አምጥቶት ተሸንፎ ሲወጣ ጥሎት የሄደ፣ አፍንጫው የረዘመ፣ መሪው በቀኝ በኩል የሆነ የጭነት መኪና። የዜማ አያት ግራዝማች ዓምደ ሚካኤል ከተጣለበት አንሥተው አሠርተው፣ ሃያ አምስት ዓመት የቆላ ድባን እህል በሐይቁ ዙሪያ ወደ ባሕር ዳር አመላልሰውበታል። እሳቸው ሲሞቱ ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር ባለው ግቢያቸው፣ ጣና ዳር፣ ከዋርካው ሥር ቆመ። በቆመበት ሃምሳ ዓመት አለፈው። ሞተሩ ተነቅሎ ሄደ፤ ጎማው በሰበሰ፤ ጋቢናው ውስጥ ዶሮ ፈለፈለ።

ባለፈው የካቲት የሐይቁ ዳር መንገድ ሊሰፋ ሆነና አጥራቸው ስምንት ሜትር ወደ ውስጥ እንዲገባ ተነገራቸው። ቀኑም ተቆረጠ፤ ኅዳር ሚካኤል። እስከዚያ ከመስመሩ ወዲህ ያልገባ ነገር ሁሉ ይነሣል። የዜማ እናት ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል «በቃ፣ ብረት ገዢ ቆራርጦ ይውሰደው» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። የአባታቸውን መኪና በአፋቸው ቢሰጡትም በዓይናቸው አልሰጡትም። ዜማ ያን አይታ «በእግሩ ሄዶ ይገባል እንጂ ተቆርጦ አይወጣም» አለች።

ገድሉን ያገኘችው ያኔ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ቶርኖ ቤት ያለው፣ የጠፋ የመኪና ዕቃ ከባዶ ብረት የሚያወጣ፣ የሠላሳ አራት ዓመት ዝምተኛ ሰው ነው። መጀመሪያ የመጣ ዕለት መኪናውን ሁለት ጊዜ ዞረው። እጁን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ፤ የታመመ በሬ ግንባር የሚዳስስ ነበር የሚመስለው።

«ይነሣል» አለ። «ግን አካሉ አገር ላይ ተበትኗል። ዞረን መለመን ነው።»

ዞሩ። የዚህ ዓይነቱን ሞተር ቆላ ድባ አንድ ወፍጮ ቤት ውስጥ እህል ሲፈጭ አገኙት። የነዳጅ ታንከሩ ወረታ አጠገብ የአንዲት ባልቴት የውኃ ማጠራቀሚያ ሆኖ ነበር። አንደኛው የጎማ ቸርኬ ከሐሙሲት ወጣ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት ዛፍ ላይ ተሰቅሎ እንደ ደወል ይመታል። ዜማ አዲስ ደወል አምጥታ ለወጠችው፤ ተማሪዎቹ የአዲሱን ድምፅ ሲሰሙ «ይሄ የውሸት ነው» ብለው ከክፍል አልገባ አሉ። ያን ቀን ገድሉ ሲስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው። ሲስቅ ዓይኖቹ ይጠባሉ፤ ጠበው ያበራሉ። ቸርኬውን በትከሻው ተሸክሞ ከፊቷ ሲሄድ እያየችው፣ ልቧ ከእሷ ወጥቶ ከኋላው ሲራመድ የተሰማት ያኔ ነው።

ኔትወርክ በጠፋበት ሰሞን ደግሞ እሱ ብቻውን እየዞረ ያገኘውን ዕቃ በሚኒባስ ይልክላት ነበር። በየዕቃው ውስጥ የተጣጠፈ ወረቀት አለ። «ለዜማ። ይህ የውኃ ፖምፓ ነው። ሃያ ዓመት መስኖ ሲያጠጣ ኖሮ ደክሞታል። እኔም ደክሞኛል። ሐሙሲት ሻይ ቤት ተቀምጬ አውቶቡስ አያለሁ፤ ወደ አንቺ በሚሄደው ሁሉ እቀናለሁ።» እንዲህ ያለ ወረቀት አሥራ ሰባት አላት። «እወድሻለሁ» የሚል ቃል በአንዱም የለበትም። በሁሉም ግን አለበት።

ታዲያ ምን በደለችው?

ዘጠኝ ቀን ሙሉ ቀናቱን እየመላለሰች መረመረቻቸው። ሰኞ ሞተሩን ሲሞክሩ አብረው ነበሩ፤ ደስ ብሎት ነበር። ማክሰኞ እናቱ ከዱርቤቴ የላኩትን ምሳ ይዞ መጣ። ክዳኑን ሲከፍተው የዶሮው ወጥ ቅቤ ግቢውን አወደው። «እናቴ ለአንቺ ብላ ነው» አላት፤ ዓይኑን ወደ መሬት ሰብሮ። ዜማ ግን ጽጌን ጾማ ነበር። የፈቃድ ጾም ነው፤ የፈቃድ ጾም ደግሞ አይታወጅም፤ ነፍሳቸውን ይማርና አባቷ መሪጌታ ኃይለ ገብርኤል እንዲያ ነው ያስተማሯት። ስለዚህ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጠግቤያለሁ» ብላ ዕቃውን መልሳ ከደነችው። ከዚያ ስለ ፍሬኑ አወሩ። ይህ ምን አለው? አለፈችውና ወደ ሌላው ቀን ሄደች።

በዘጠነኛው ቀን አላስቻላትም። መኪናው አጠገብ ሄዳ ቆመች።

«ገድሉ።»

«አቤት» አለ ከሥር።

«ውጣና አናግረኝ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እጄ ተይዟል።»

«ምን አደረግሁህ?»

የመፍቻው ድምፅ ቆመ። ሐይቁ የደንገሉን ሥር እየላሰ ሲመለስ ይሰማል።

«ምንም አላደረጉኝም» አለ። «እርስዎ ምን ያደርጋሉ? ጥፋቱ የእኔ ነው። ልኬን ረስቼ ነበር።»

«የምን ልክ?»

ተንፏቆ ወጣ። አቧራውን ሳያራግፍ ቆሞ አያት። ቁጣ ቢሆን ታውቀው ነበር፤ ከቁጣ ጋር ትከራከር ነበር። ዓይኖቹ ውስጥ ያለው ግን ቁጣ አልነበረም። ከድግስ ቤት በር ላይ «አንተ አልተጠራህም» ተብሎ የተመለሰ ሰው ዓይን ነበር። ዜማ ማን እንደመለሰው አታውቅም። መላሿ እሷ መሆኗን ግን ገላዋ ነገራት፤ በኅዳር ፀሐይ ቆማ በረዳት።

*

በማግስቱ አልመጣም። በሦስተኛው ቀን አንድ የሚኒባስ ረዳት ደብዳቤ አደረሰላት።

«ለክብርት መምህርት ዜማ፤
ሞተሩ ይሠራል። ፍሬኑ ይይዛል። የቀረችው የኋላዋ ባሌስትራ ብቻ ናት። ሸክሙን ሁሉ በጀርባዋ የምትችለው እሷ ስለሆነች ያለ እሷ መኪናው አንድ እርምጃ አይሄድም። ፈልጌ አላገኘኋትም፤ አዲስ ትቀጠቀጣለች። ዱርቤቴ የሚሠራት ሰው አለ። እስከ ኅዳር አሥር በአውቶቡስ እልካታለሁ። የሚገጥምልዎን ሰው አነጋግሬያለሁ፤ ጨዋ ነው። እኔ ግን ወደ ግቢዎ አልመለስም። ቂም ይዤ እንዳይመስልዎ። ሰው ከሰው የሚለይበትን ነገር ስምንት ወር ሙሉ ዘንግቼው ነበር፤ ማክሰኞ ዕለት አስታወሱኝ። ለእናትዎ እጅ ነሥቷል ይበሉልኝ።
ገድሉ ባምላክ።»

ማክሰኞ። ዜማ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበችው። «ጨዋ ነው» የሚለው ላይ ስትደርስ ዓይኗ ይደናቀፋል። መፍቻ ለያዘ ሰው ጨዋነት ምን ያደርግለታል? ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ላይ ያዘችው። ከአሥራ ሰባቱ ይልቅ ይህኛው ከበዳት።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቃ ዱርቤቴ ወረደች።

ገበያው መሐል በርበሬ የምትሸጥ አንዲት ሴት አግኝታ «የመኪና ባሌስትራ የሚቀጠቅጥ ሰው የት ይገኛል?» አለቻት። ሴትየዋ ከእግሯ እስከ ራሷ አየቻት።

«ቀጥቃጮቹን ነው? ከወንዙ ማዶ ናቸው» አለች። ከዚያ ጠጋ ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ከልቧ እያሰበችላት፣ «የኔ እመቤት፣ ምሳሽን እዚሁ ቅመሽ። እዚያ እንዳትቀምሺ። ዓይናቸው ጥሩ አይደለም።»

ዜማ ቀይ በርበሬ በተሰጣበት ጆንያ መሐል ደርቃ ቀረች።

ማክሰኞ። የከደነችው ዕቃ። «ጠግቤያለሁ።» ጨዋ።

በዚህ አገር የቀጥቃጭ ልጅ ምን እየተባለ እንደሚያድግ ታውቃለች፤ ማን ያላወቀ አለ? ያቀረበው ምግብ ሲመለስበት ምን ማለት እንደሆነ ከሕፃንነቱ የተማረ ሰው ፊት፣ የእናቱን ወጥ መልሳ ከድናለች። ደግሞም ፈገግ ብላ። «ዓይናቸው ጥሩ አይደለም» አለች ሴትየዋ። እነዚያ ዓይኖች ስምንት ወር ሲያዩኝ ከርመዋል፣ አለች ዜማ በልቧ፤ ከመዳን በቀር ምን አገኘኝ?

ወንዙን እንዴት እንደተሻገረች አታስታውስም።

መዶሻው ከሩቅ ተሰማት፤ ሁለት ናቸው፣ እየተቀባበሉ ይመታሉ። በሣር ዳስ ሥር ወናፉ ይተነፍሳል፤ ፍሙ ይፈካል። ጺማቸው የነጣ ቀጭን ሽማግሌ በጉጠት የጋለ ብረት ይዘዋል፤ ገድሉ ሸሚዙን ወገቡ ላይ አስሮ ይመታል። ሽማግሌው የገድሉ አባት አቶ ባምላክ መሆናቸውን ከዓይናቸው አወቀች፤ ሲያዩ ይጠባሉ። እንግዳ ሲያዩ ብረቱን አኑረው ተነሡ፤ በርጩማ አውጥተው በጋቢያቸው አንድ ጊዜ ጠረጉት፤ እንደገና ጠረጉት። «ይቀመጡ፣ እመቤቴ» አሉ። ውኃ ግን አላቀረቡም። ክፋት አይደለም። ቀርቦ ከሚመለስ ቀድሞ አለማቅረብን የለመዱ ሰው ናቸው።

ገድሉ መዶሻውን እንደያዘ ቀረ።

«እንዴት መጡ? እልክልዎ ነበር እኮ።»

«ገድሉ፣ ጽጌን ጾሜ ነበር።»

«ምን?»

«ማክሰኞ። ጽጌን ጾሜ ነበር» አለች። «ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ እጾመዋለሁ። ለሰው አልናገርም። ከእናትህ እጅ የከለከለችኝ እመቤቴ ማርያም ናት፤ ሌላ ማንም አይደለም። አንተ ማን መሆንህን፣ አባትህ ማን መሆናቸውን የሰማሁት አሁን ገበያው ላይ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ በማላውቀው ኃጢአት ስትቀጣኝ ከረምህ!»

መዶሻው ከእጁ ወደቀ። አቶ ባምላክ ፊታቸውን ወደ እሳቱ አዞሩ። የጎጆው በር ላይ አንዲት ሴት ቆመዋል፤ መቀነታቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል። ዜማ ወደ እሳቸው ዞረች።

«እናቴ፣ ዛሬ ጾም አይደለም» አለች። «ርቦኛል።»

የገድሉ እናት ባላቸውን አዩ። ልጃቸውን አዩ። ከወንዙ ማዶ የመጣ ሰው፣ ያውም ነጠላዋ የነጣ የጌታ ልጅ፣ በዚህ በር ላይ ቆሞ «ርቦኛል» ያለበትን ቀን የሚያስታውሱ አይመስሉም። ገቡ። ዕቃ ሲንኳኳ ተሰማ። የዳጉሳ እንጀራ በእርጎ አቀረቡ፤ «የሚገባሽ ይህ አልነበረም፣ ብትነግሪኝ…» አሉ። ዜማ ቆርሳ በላች። እንደገና ቆርሳ በላች። እናትየው አንድ ጉርሻ ጠቅልለው እጃቸውን ወደ አፏ አነሡና መሐል መንገድ ላይ ሲደርሱ ፈሩ። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ዜማ አንጓቸውን ይዛ ወደ ራሷ ሳበችው።

ገድሉ ወጥቶ ሄደ። ስትከተለው ከዳሱ ኋላ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል።

«ለምን አልነገርኸኝም?»

«ምን ብዬ?» አለ ሳይዞር። «ባሕር ዳር ስገባ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ‹ቶርኖ ሠሪው› ይሉኛል፤ ‹ኢንጂነር› የሚሉኝም አሉ። ብረቱ ያው ነው፤ እሳቱ ያው ነው። እዚህ ሲሆን ግን ሌላ ስም አለው። ያን ስም ደብቄ በየሰው ቤት ስበላ ስጠጣ ኖሬያለሁ፤ ልቤ እየፈራ። ፈርቼ ያላየሁት ቤት የአንቺ ብቻ ነበር።»

ዜማ አንድ እርምጃ ጠጋች።

«ምን አልኸኝ?»

ዞረ። ፊቱ በከሰልና በእንባ ተዥጎርጉሯል።

«አንቺ አልሁሽ።»

«ድገመው።»

«አንቺ» አለ። «አንቺ። አንቺ።» ሦስተኛውን ሲል ቃሏ ተሰበረችበት።

እጁን ያዘችው። ሻካራ ነው፤ ትኩስ ነው። ይህን እጅ ከመያዝ ያገዳት ምን እንደነበር ጠፋባት።

«እናትሽስ?» አላት በመጨረሻ። የሁለቱም ደስታ በአንድ ጊዜ ቀዘቀዘ።

*

እናቷ የግራዝማች ልጅ ናቸው፤ የመሪጌታ ሚስት ነበሩ። አጥንት ሲቆጠር የሰሙ፣ ራሳቸውም የቆጠሩ። ዜማ በዚያው ማታ አጠገባቸው ተቀምጣ ሳትደብቅ ነገረቻቸው። «እማ፣ ገድሉ የቀጥቃጭ ልጅ ነው። ቤታቸው በላሁ። ሰውዬውን እወደዋለሁ።»

ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል አልጮኹም። ቢጮኹ በተሻለ። ነጠላቸውን አንሥተው ወደ ጓዳ ገቡ፤ ሦስት ቀን ለዜማ ቃል አልተነፈሱላትም። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ መጥተው መስኮት ዳር ይቀመጣሉ፤ መኪናውን ያያሉ።

ገድሉ ባሌስትራዋን ራሱ ይዞ መጥቶ ገጠማት። ከአሮጌዎቹ የዛጉ ብረቶች መሐል እሷ ብቻ ሰማያዊ ጥቁር ናት። ኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ከቅዳሴ መልስ፣ መኪናውን ሊያስነሣ ሲዘጋጅ እናቲቱ ከቤት ወጡ። አሁን ነው፣ አለች ዜማ በልቧ፤ አሁን ያባርሩታል።

ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል በምርኩዛቸው ቀስ ብለው መጡና በመኪናው ጎን ጎንበስ አሉ። አዲሷን ባሌስትራ በጣታቸው ነኩ።

«ይቺን ማን ሠራት?»

«አባቴና እኔ፣ እማማ» አለ ገድሉ።

«የአባትህስ አባት?»

ገድሉ ቀና አለ። «እሳቸውም ቀጥቃጭ ነበሩ» አለ፤ ሳይሸሽግ።

እናቲቱ ባሌስትራዋን እያዩ መናገር ጀመሩ።

«ሰባት ዓመቴ ነበር። አባቴ በዚህ መኪና ይዘውኝ ወረዱ። ጥር ነው። ዱርቤቴን እንዳለፍን ይቺው የኋላዋ ተሰበረች፤ ሦስት ቀን ቆምን። ብረቱን የሠራው ቀጥቃጭ ነበር። እኔን ሚስቱ ወሰደችኝ። ከልጆቿ ጋር አስተኛችኝ፤ ሹሩባ ሠራችኝ፤ አበላችኝ። ሸክላ ትሠራ ነበር፤ እጇ እንደ አሸዋ ይሻክራል። እንደዚያ እጅ የሞቀኝ ግን የለም።»

ምርኩዛቸውን ጨበጥ አደረጉ።

«ቤት ስገባ አያቴ ‹የት በላሽ?› አሉኝ። ነገርኋቸው። ቤቱ ለቅሶ ሆነ። ሰባት ቀን ጠበል ወሰዱኝ። በየጠዋቱ ‹የበላሽ ማን ነው? ተናገሪ!› ይሉኛል። ምንም አልነበረብኝም፤ ብርዱ ብቻ ነበር። በሰባተኛው ቀን አልቻልሁም። እንዲተዉኝ ብዬ ‹እሷ ናት› አልሁ። ‹የቀጥቃጩ ሚስት ናት የበላችኝ› አልሁ። ‹እውነትም!› አሉ፤ ተዉኝ። ወሬው አገር አዳረሰ። ሴትየዋ ምን እንደሆነች አላውቅም። ስልሳ ዓመት ሙሉ ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተነፈስሁትም።»

ዜማ እናቷን እንደ አዲስ ሰው አየቻቸው። የሦስት ቀኑ ዝምታ ቁጣ አልነበረም።

«ያቺ ሴት አያትህ ትሁን አትሁን አላውቅም» አሉ ገድሉን ቀና ብለው እያዩ። «የምናዘዝለት ሌላ የለኝም። ላንተ ነገርሁ።»

ገድሉ መፍቻውን መሬት ላይ አኖረ። «በእኛ ሰፈር ሸክላ የማትሠራ ሴት የለችም» አለ። «እሳቸው ይሁኑ ሌላ ማን ያውቃል?»

«እሳቸው ከሆኑ ግን» አለ፣ «ይህን ሁሉ ቢሰሙ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚጠይቁት። ‹ልጅቱ በጣም በረዳት?› ነው የሚሉት።»

አሮጊቷ በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። የስልሳ ዓመት እንባ ነው፤ ዜማ ደግፋ ያዘቻቸው፣ ገድሉም በሌላ ወገን ያዛቸው፤ ጥቁር እጁ ነጭ ነጠላቸው ላይ ሲያርፍ ሊያነሣው ፈለገ፤ እሳቸው በመዳፋቸው ተጭነው አስቀሩት።

«አባትህ ሽማግሌ እንዳይልኩብኝ» አሉ እንባቸውን ጠርገው።

ዜማ የያዘችውን ክንዳቸውን ለቀቀች።

«ራሳቸው ይምጡ። እናትህም ይምጡ። ከዚህ ቤት በልተው፣ አድረው ነው የሚሄዱ። እኔ ነኝ የማጎርሳቸው።» ከዚያ የመኪናውን በር በምርኩዛቸው መቱ። «በል አሁን ደግፈኝና ልውጣ። ይህን የአባቴን መኪና አስነሣው፤ ቀኑ ሄደ።»

ጋቢናው ውስጥ ከገድሉ አጠገብ ተቀመጡ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ቆላ ድባ እህል ሊጭን የሚሄድ ሰው መሰሉ። ሞተሩ ተነጫነጨ፤ ዝም አለ። እንደገና ተነጫነጨ። ከዚያ ከሆዱ የወጣ ሳል አሰማና ጥቁር ጭስ ተፍቶ ያዘ። ዋርካው ላይ የነበሩ ወፎች ሁሉ ወደ ሐይቁ በረሩ። መኪናው ወገቡን ነቅነቅ አደረገ፤ አዲሲቱ ባሌስትራ ሸክሟን ተቀብላ ዝቅ፣ ከፍ አለች፤ ቻለችው።

ዜማ ከፊቱ ቆማ በእጇ ትመራዋለች። «ና» አለች። «ና… ና…» ወደ ኋላዋ እየተራመደች፣ ዓይኗን ከዓይኑ ሳትነቅል። መስታወት በሌለው መስኮት ውስጥ ይታያታል፤ ዓይኖቹ ጠበዋል፣ ያበራሉ። የኋለኛው ጎማ አዲሱን የአጥር መስመር አለፈ። መኪናው ዳነ። አሁን እጇን አንሥታ «ቁም» ማለት ነበረባት።

አላለችም። እሱም አልቆመም። ቀስ ብሎ፣ እየተንገጫገጨ፣ ወደ እሷ ይመጣ ነበር፤ እሷም እያለቀሰች፣ እየሳቀች፣ ከዚህ በኋላ ዕድሜዋን ሁሉ ለሌላ ምንም ሳይሆን ለዚህ ብቻ የምትቆም ይመስል፣ «ና» ትለው ነበር፤ «ና… ና…»